ስፖርት ሲሠሩ የሚያቅለሸልሸው ለምንድን ነው? ጨጓራ፣ ምች ወይስ ፍጥነት?

በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም ስፖርት የሚሠራው ሰው በዝቷል። ማለዳ በጣና ዳር የሚሮጠው፣ ከሥራ መልስ ጂም የሚገባው፣ እሁድ ጠዋት ማስ ስፖርት የሚወጣው ብዙ ነው። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን አንድ ጥያቄም አብሮ በዝቷል። "ስፖርት ስጀምር ያጥወለውለኛል፣ ወደ ላይ ወደ ላይ ይለኛል፤ ምን ሆኜ ነው?"

መልሱ እንደ መላሹ ነው። ቤት ያሉ ትልልቅ ሰዎች "ምች መትቶህ ነው" ይላሉ። ጓደኛ "ጨጓራህን ታየው" ይላል። አንዳንዱ አሠልጣኝ ደግሞ "ጥሩ ነው፣ ሠርተሃል ማለት ነው" ብሎ ያበረታታል። "ውኃ ጠጣበት" የሚልም አይጠፋም።

ችግሩ እያንዳንዱ መልስ ሰውን ወደተለያየ መንገድ መውሰዱ ነው። አንዱ ስፖርቱን ጨርሶ ይተወዋል። ሌላው ሳይመረመር ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ገዝቶ ለወራት ይውጣል። ሦስተኛው እያመመው ይገፋበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ማወቅ ይበጃል። መከላከያውም ከዚያው ይወጣል።

ደሙ የት ሄደ?

አረፍ ብሎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ከዚህ ውስጥ ሩብ የሚጠጋው ወደ ጨጓራ፣ ወደ አንጀት፣ ወደ ጉበትና በዙሪያቸው ወዳሉት የሆድ ዕቃዎች ይሄዳል። ምግብ የሚፈጨውም የሚመጠጠውም በዚያ ደም ነው።

ሩጫ ሲጀመር ድልድሉ ይለወጣል። የእግር ጡንቻ ኦክስጅን ይፈልጋል። ቆዳም ሙቀቱን ለማስወጣት ደም ይፈልጋል። ሰውነት ወደ ሆድ ዕቃ የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል። ስፖርቱ በጣም ሲጠነክር ወደ ሆድ የሚደርሰው ደም እስከ 80 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። በመራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህ አይከብደውም። የላይኛው ቦይ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ የታችኛው ማሳ ውኃ ያጥረዋል።

ደም ያጠረው ጨጓራ ሥራውን ያቀዘቅዛል። ውስጡ ያለው ምግብና ፈሳሽ ወደ አንጀት መውረዱን ያዘገያል። ሩጫው ደግሞ ከላይ ይንጠዋል። የአንጀት የውስጥ ሽፋንም ደም ሲያጣ ለጊዜው ይጎዳል።

ይህ ሁሉ ወሬ ወደ አንጎል ይደርሳል። ዋናው መልእክተኛ ቬገስ ነርቭ ይባላል። ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ በደረት በኩል እስከ ሆድ ዕቃ የሚወርድ ረጅም ነርቭ ነው። አንጎል ግርጌ ላይ ማስመለስን የሚቆጣጠር ክፍል አለ። ይህ ክፍል ከጨጓራ ብቻ አይደለም የሚሰማው። ደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ኬሚካሎችንም ይለካል። ሚዛን ከሚጠብቀው የውስጥ ጆሮም መልእክት ይቀበላል። ለዚህ ነው ጨጓራው ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው ስፖርት ላይ የሚያቅለሸልሸው። መልእክቱ የመጣው ከሌላ በር ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹ ብዙ ጊዜ ተከታትለው ይመጣሉ። አፍ በምራቅ ይሞላል። ፊት ይገረጣል። ላቡ ቀዝቃዛ ይሆናል። ማዛጋት ይመጣል። ከዚያ ነው ሆድ የሚገለበጠው። ምራቁ ያለ ምክንያት አይበዛም። ከጨጓራ የሚወጣው አሲድ ጥርስና ጉሮሮን እንዳያቃጥል ሰውነት አስቀድሞ የሚያደርገው ዝግጅት ነው። አፉ በምራቅ ሲሞላ ፍጥነቱን የሚቀንስ ሰው ብዙ ጊዜ ከማስመለስ ይተርፋል።

ላክቲክ አሲድ ነው ወይስ ሌላ?

ጂም ውስጥ በብዛት የሚሰማው ማብራሪያ ላክቲክ አሲድ ነው። ጡንቻ በጣም ሲጣደፍ ስኳርን በፍጥነት ያቃጥላል። በዚህ ጊዜ ላክቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ደሙም አሲድነቱ ይጨምራል። በዚህ አስተያየት መሠረት አንጎል ይህን ለውጥ እንደ መርዝ ቆጥሮ የማስመለስ ትእዛዝ ይሰጣል።

ሐሳቡ መሠረት የለሽ አይደለም። አጭርና ከባድ ስፖርት ላይ፣ ለምሳሌ 400 ሜትር በሙሉ ኃይል ሮጦ የጨረሰ ሰው ላይ፣ የሚታየው ይህን ይመስላል። ማቅለሽለሹ ከሩጫው በኋላ ይበረታል። እያረፈ ሲሄድ አሲዱም ይወርዳል፤ ማቅለሽለሹም ይለቃል።

ግን ሁሉንም አያብራራም። ረጅም ርቀት በመካከለኛ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው ደሙ ውስጥ ብዙ ላክቴት የለም። ሆኖም ከሁለት ሰዓት በኋላ ሊያቅለሸልሸው ይችላል። እዚያ ላይ የደም እጥረቱ፣ የውኃ ማነሱ፣ ሙቀቱና በመንገድ የተጠጣው ነገር ይበልጣሉ። በከባድ ስፖርት ጊዜ የሚጨምሩት እንደ አድሬናሊን ያሉ ሆርሞኖችም ድርሻ አላቸው። አንድ ምክንያት ብቻ አንጠልጥሎ መሄድ የሚያሳስተው ለዚህ ነው። አጭርና ፈጣን ስፖርት ላይ የመጣ ማቅለሽለሽና ረጅም ሩጫ ላይ የመጣ ማቅለሽለሽ መነሻቸውም መፍትሔያቸውም ይለያያል።

"ካላስመለሰህ አልሠራህም" የሚለው አባባል ግን ምንም የሚይዘው ነገር የለም። ማስመለስ ጡንቻ አይገነባም፣ ስብ አያቀልጥም፣ መርዝም አያወጣም። የሚወጣው ውኃ፣ ጨውና የጨጓራ አሲድ ነው። ሰውነት በዚያ ቅጽበት የሚፈልገውን ነው የሚያጣው። ጀማሪን በዚህ መንገድ ማበረታታት ትክክል አይደለም። ብዙ ሰው ስፖርትን በመጀመሪያው ሳምንት የሚተወው እንዲህ ሲደረግበት ነው።

ፍጥነት ከምግብ ይቀድማል

ሰው ሲያቅለሸልሸው መጀመሪያ የሚያስበው "ምን በልቼ ነው?" ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ግን መጠየቅ ያለበት "በምን ፍጥነት ነው የጀመርኩት?" ብሎ ነበር። ጨጓራ ቀለል ባለ ስፖርት ላይ ሥራውን ይቀጥላል። ችግሩ የሚጀምረው ስፖርቱ ከሰውየው አቅም 70 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው። ያ መስመር ለሠለጠነ ሯጭ ሩቅ ነው። ለጀማሪ ግን ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሊሆን ይችላል።

ማስ ስፖርትን እንየው። መድረክ ላይ ያለው አሠልጣኝ አንድ ነው። ሙዚቃውም አንድ ነው። ከፊቱ የቆመው ግን የ18 ዓመት ተማሪም የ60 ዓመት ጡረተኛም ነው። ሰውነት ሳይሟሟቅ ዝላይ ይጀመራል። ከዝላይ ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ ዝላይ ይኬዳል። ጭንቅላት ቶሎ ቶሎ ከፍና ዝቅ ሲል የውስጥ ጆሮም ይረበሻል። ሰው በሰው መሃል ስለሆነም ማቆም ያሳፍራል። በአሥረኛው ደቂቃ ዳር ይዞ ጉልበቱን ጨብጦ የሚያጎነብስ ሰው ቢታይ አይገርምም። ያ ሰው በሽተኛ አይደለም። የሌላ ሰው ፍጥነት ተሰጥቶት ነው።

መለኪያው ቀላል ነው፤ ማሽንም አይፈልግም። እየሮጡ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ ፍጥነቱ ለሆድ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ቃል ብቻ የሚወጣ ከሆነ ደሙ ከሆድ እየሸሸ ነው። ምንም መናገር ካልተቻለ ለጀማሪ ጊዜው አይደለም። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች በእርምጃና በሶምሶማ ቢያልፉ ሰውነት ድልድሉን ቀስ ብሎ ያስተካክላል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ መሄድም መስመሩን ወደ ፊት ይገፋዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ፍጥነት ሆድን አይረብሽም።

ድንገት መቆምም ሌላ መዘዝ አለው። እግር ሲሮጥ ደምን ወደ ልብ ይገፋል። ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቆም ያ ግፊት ይቋረጣል፤ ደሙ እግር ላይ ይቀራል። የደም ግፊት ይወርዳል። ያዞራል፣ ያጥወለውላል፣ አንዳንዱንም ይጥላል። ስለዚህ ከሩጫ በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ መራመድ ያስፈልጋል። ጂም ውስጥ ደግሞ ትንፋሽ ይዞ ክብደት ማንሳት ተመሳሳይ ነገር ያመጣል። ሲያነሱ አየር ማስወጣት፣ ሲያወርዱ አየር መሳብ ይሻላል። ትሬድሚል ላይ የሚያዞረው ሰው ደግሞ መኪና ላይ ከሚያቅለሸልሸው ሰው ብዙም አይለይም። እግር ይሄዳል፣ ዓይን ግን የሚያየው አንድ ግድግዳ ነው። ስልክ እያዩ መሮጥ ያባብሰዋል።

ምን ተበላ? መቼ ተበላ?

ፍጥነቱ ከተስተካከለ በኋላ የምግብ ተራ ይመጣል። እዚህ ላይ ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ሰዓቱ ይበልጥ ይወስናል። ሙሉ ምሳ የበላ ሰው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ቢቆይ ጥሩ ነው። ቀለል ያለ ነገር የቀመሰ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይበቃዋል። ከስፖርቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ካስፈለገ አንድ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ከበቂ በላይ ነው።

ስብና አሰር ያለው ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም። አሰር ማለት አንጀት የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል ነው። በቅቤ ያበደ ወጥ የበላ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላም ጨጓራው ገና ሥራ ላይ ነው። ሽሮና ምስር ደግሞ ለጤና ጥሩ ናቸው፤ ግን ነፋት ያመጣሉ። ከሩጫ በፊት ባለው ምግብ ላይ ቀነስ ማድረግ ነው። ከሩጫ በኋላ ግን እንደልብ ይበላሉ።

በሶ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በጎጃም ቤቶች የማይጠፋ ነውና። የሯጭ ምግብ ተደርጎም ይወሰዳል። በእርግጥም ኃይል ይሰጣል። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ ስታርችም አሰርም አለው። ችግሩ አበጣበጡ ላይ ነው። ብዙ ወጣት ከግማሽ ሊትር ጠርሙስ ላይ ሲሶውን በሶ ይሞላል። ማር ወይም ስኳር ይጨምርበታል። ውኃ አድርጎ ይበጠብጠውና ወፍራሙን ግጥም አድርጎ ሩጫ ይጀምራል። በሶው ሆድ ውስጥ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ማሩ ደግሞ ፈሳሹን በጣም ጣፋጭ ያደርገዋል። በጣም የጣፈጠ ፈሳሽ ከጨጓራ መውረዱ ይዘገያል። በሶውን ቀጠን አድርጎ ከሁለት ሰዓት በፊት የጠጣ ሰው ግን ይጠቀምበታል። እዚህ ላይ በሶ ጥፋተኛ አይደለም።

ለስላሳም በዚሁ ሕግ ይታያል። 100 ሚሊ ሊትር የተለመደ ለስላሳ ውስጥ ከ10 እስከ 11 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ለስፖርተኛ ተብለው የሚዘጋጁ መጠጦች ግን አብዛኞቹ ከ6 እስከ 8 ግራም ነው የሚይዙት። ጋዙም ሆድ ይነፋል። ሌላ ከሌለ ጋዙን አስወጥቶ በእኩል ውኃ ማቅጠን ይቻላል።

የኳስ ወዳጆች ሜሲ ሜዳ ላይ ሲያስመልሰው ያስታውሱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጉዳዩ ትልቅ መነጋገሪያ ነበር። ብዙ ተብሎ ብዙ ተገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 እሱ ራሱ ሲናገር ለዓመታት አመጋገቡ መጥፎ እንደነበር ገለጸ። ቸኮሌትና ለስላሳ ያበዛ ነበር። ወደ ዓሣ፣ ሥጋና አትክልት ሲዞር ችግሩ ቀለለለት። የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም። ግን በዓለም ደረጃ ያለ አካልም በሆዱ ሊቸገር እንደሚችል ያሳያል።

ጾምና ስፖርት

ይህ ጥያቄ በእኛ አካባቢ ከሁሉም ይበዛል፤ መልሱም ከውጭ በተቀዳ ምክር አይገኝም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ብዙ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምስም። ዐቢይ ጾም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ባሕር ዳር በጣም የምትሞቀውም በዚያው ወቅት ነው። ውኃ የሌለበት ሆድና ሙቀቱ ይገናኛሉ።

ጾመኛ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሲሮጥ ትናንት ማታ የበላው አሁንም ይደግፈዋል። ቀለል ያለ ሶምሶማ ብዙ ሰው ሳይቸገር ይሠራል። የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነው። በላብ የወጣው ውኃ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይተካም። ቀኑን ሙሉ ራስ ምታትና መጥወልወል ይከተላል። ሁለተኛው ስሕተት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠግቦ በልቶ አሥር ሰዓት ላይ ጂም መግባት ነው። የተሻለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውኃ ጠጥቶ ቀለል ያለ ነገር መቅመስ ነው። ከዚያ 11 ሰዓት ላይ ስፖርቱን ሠርቶ ዋናውን ራት በኋላ መብላት ነው። ከባድ ልምምዶችን ከጾሙ በኋላ ማድረግም ይቻላል። ስኳር በሽታ ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በባዶ ሆድ ከመሮጡ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። የደም ስኳር ድንገት ሲወርድ የመጀመሪያው ምልክት ማቅለሽለሽና መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላልና።

ውኃ ሲያንስም ሲበዛም

"ውኃ ጠጣ" የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። በላብ ብዙ ፈሳሽ ሲወጣ የደም መጠን ይቀንሳል። ያኔ ወደ ሆድ የሚሄደው ደም ይበልጥ ያንሳል፤ ማቅለሽለሹም ይብሳል። ከስፖርት በፊትና በኋላ መመዘን ለሚችል ሰው ልኬቱ ቀላል ነው። 1 ኪሎ መቀነስ 1 ሊትር ገደማ ውኃ መውጣቱን ያሳያል።

ሌላው ግማሽ ግን ብዙ አይነገርም። ውኃ ከመጠን በላይ ሲጠጣ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። ሶዲየም በጨው ውስጥ የሚገኝ፣ ነርቭና ጡንቻ የሚፈልጉት ማዕድን ነው። መጠኑ ሲወርድ ሃይፖናትሬሚያ ይባላል። ምልክቱ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና ግራ መጋባት ነው። ከውኃ ጥማት ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ተጨማሪ ውኃ ይሰጣል፤ ያ ደግሞ ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ሯጮች ላይ በተደረገ ጥናት ደማቸው ከተመረመረው 488 ሰዎች መካከል 13 በመቶው ሶዲየማቸው ወርዶ ተገኝቷል። ዋናው ምክንያት በሩጫው ላይ ብዙ መጠጣታቸው ነበር።

ለሰዓት ያህል ለሚሮጥ ሰው ጥማቱን መከተል ይበቃል። አንድ ሊትር በአንድ ጊዜ ግልብጥ ከማድረግ በየ15 እና 20 ደቂቃው ጥቂት ጉንጭ መጎንጨት ይሻላል። ከሰዓት በላይ ለሚቆይና ብዙ ለሚያልበው ሰው ውኃ ብቻውን አይበቃም። ጨውና ትንሽ ስኳር ያስፈልጋል። ኦ አር ኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ሳይከመሩ፣ ማሟሟት ይቻላል። ጨው በዓይን ግምት መጨመር አይገባም። ጨው ሲበዛ ራሱ ያስመልሳል።

ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ

ጎጃም ውስጥ በአንድ ቀን መንገድ አየሩ ብዙ ይለዋወጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ትጠጋለች። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጮቄ አናት ላይ የሚሳበው አየር የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ላይ 10 ኪሎ ሜትር ሳይቸገር የሚሮጥ ሰው ደብረ ማርቆስ ላይ በዚያው ሰዓት ለመጨረስ ቢሞክር አቅሙን ያልፋል። ሰዓቱን አይይ፤ መነጋገር መቻሉን ይይ።

ጮቄ ለጉብኝት ለሚወጡ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ከ2,500 ሜትር በላይ በፍጥነት የወጣ ሰው የከፍታ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ራስ ምታት ዋናው ምልክት ነው፤ ማቅለሽለሽና ድካም ይከተላሉ። እዚያ ላይ "ምግቡ ነው" ብሎ መውጣትን መቀጠል አደገኛ ነው። መፍትሔው ማረፍ፣ ካልተሻለ መውረድ ነው።

በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ተቃራኒው ይገጥማል። ኦክስጅኑ ይጨምራል፤ ሙቀቱ ግን ይበረታል። ሙቀት ደምን ወደ ቆዳ ይስባል፤ ሆድ ዳግመኛ ይቀማል። ቆላ ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ መሮጥ ለደጋ ሰው አይመከርም። ሙቀት ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል።

"ምች ነው" የሚለውስ?

ይህን አባባል በጭፍን ማጣጣል አያስፈልግም። ሰዎች ፀሐይና ላብ ተገናኝተው ሰውን እንደሚጥሉ ከትውልድ ትውልድ አይተዋል። ያዩት ነገር እውነት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ቀጥሎ በሚደረገው ላይ ነው። ምች የተባለ ሰው ዳማከሴ ተጨምቆለት ተሸፋፍኖ ይተኛል። ሙቀት የመታው ሰው ግን የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። ልብሱ ይላላ፣ ጥላ ውስጥ ይግባ፣ ውኃ ይርከፍከፍበት፣ ይራገብለት። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ የሚዘባርቅ ወይም ራሱን የሚስት ሰው ላይ ደቂቃዎች ይወስናሉ። ማቀዝቀዙ እዚያው ተጀምሮ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። ዳማከሴው ሽታው ያረጋጋ ይሆናል። ብርድ ልብሱ ግን ይጎዳል።

ስፖርቱ ያወጣው እንጂ ያላመጣው

አንዳንዴ ስፖርት አስቀድሞ የነበረን ነገር ይገልጣል። ጃርድያና አሜባ በአገራችን የተለመዱ ናቸው። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም እንዲሁ። ደም ማነስ ያለበት ሰው ትንሽ ሲሮጥ ያጥወለውለዋል። አንዲት ሴት ያላወቀችው እርግዝናም ሊኖር ይችላል።

መድኃኒቶችም መታየት አለባቸው። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ክኒን፣ ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን፣ ለአሜባ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ማቅለሽለሽ ከሚታወቁ የጎን ጉዳታቸው አንዱ ነው። በጣም የሚያሳስበው ግን ከስፖርት በፊት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የመዋጥ ልማድ ነው። ጉልበት እንዳያመኝ ተብሎ ይዋጣል። እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራና የአንጀትን ሽፋን ያሳሳሉ። ስፖርቱ ደግሞ ደሙን ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደራረቡ ጉዳቱ ይጨምራል። ካለ ሐኪም ትእዛዝ ለስፖርት ብሎ መዋጥ ቢቀር ይመረጣል።

ከጂም በፊት የሚወሰዱ የኃይል ዱቄቶች ብዙ ካፌይን አላቸው። በላዩ ቡና ሲጨመር ልብ ይመታል፣ ሆድም ይረበሻል። ጫት ቅሞ መሮጥም ልብ ላይ ጫና ይጨምራል። ማታ አረቄ የጠጣ ሰው ጠዋት ውኃ አጥሮት ነው የሚነሳው፤ ያን ቀን ቢራመድ ይሻለዋል።

ሲጀምር ምን ይደረግ?

ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያ መራመድ። ወዲያው በጀርባ መንጋለል አይጠቅምም። የሚያዞር ከሆነ ግን ከመውደቅ መሬት ላይ መቀመጥ ወይም በጎን መተኛት ይሻላል። ጥላ ውስጥ ገብቶ አንገትን በቀዝቃዛ ውኃ ማራስ ያግዛል። በአፍንጫ ቀስ ብሎ አየር መሳብና በአፍ ማስወጣት ይረዳል። ካስመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት ነው። ዝንጅብል ሻይ በእርግዝና ጊዜ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል። ለስፖርት ማስረጃው ደካማ ቢሆንም መሞከሩ አይጎዳም። አብዛኛው ሰው ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይሻለዋል። በዚያ ቀን ግን ወደ ከባዱ ስፖርት መመለስ የለበትም።

ሆድም እንደ ጡንቻ ልምምድ ይቀበላል። ረጅም ውድድር የሚያስብ ሰው በውድድሩ ቀን የሚጠጣውን ነገር በልምምድ ላይ በጥቂቱ ጀምሮ ቢያስለምደው በሳምንታት ውስጥ ጨጓራው ይቀበለዋል። በውድድር ቀን አዲስ ነገር መሞከር ግን አይገባም።

ከማቅለሽለሹ ጋር ደረት ላይ መጫን፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ መጠበቅ አያስፈልግም። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) በተለይ በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ላይ ያለ ብዙ የደረት ሕመም፣ በማቅለሽለሽና በቀዝቃዛ ላብ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ይህን ከ"ጨጓራ ነው" ጋር እንዳያምታታው። ደም የቀላቀለ ወይም የቡና አተላ የሚመስል ትውከትም፣ ራስ መሳትም፣ ከከባድ ስፖርት በኋላ የጥቁር ሻይ ቀለም ያለው ሽንትም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ያደርሳሉ። ሽንት እንዲህ የሚጠቁረው የተጎዳ ጡንቻ ፍርስራሽ ደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊት ላይ ሲደርስ ነው።

ፍጥነቱን ቀንሶ፣ የምግቡን ሰዓት አስተካክሎ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ሞክሮ ያልተሻለው ሰው መመርመር አለበት። ሲሄድም "ስፖርት ላይ ያቅለሸልሸኛል" ብቻ ብሎ ባይቆም ጥሩ ነው። በስንተኛው ደቂቃ እንደሚጀምር፣ ከዚያ በፊት ምን በስንት ሰዓት እንደበላና እንደጠጣ፣ የሚወስደው ክኒን ካለ ስሙን በስልኩ ላይ ጽፎ ቢወስድ ሐኪሙ የሰገራ፣ የደም ወይም የልብ ምርመራ ከሚለው ውስጥ የቱን ማስቀደም እንዳለበት ቶሎ ይለያል።